ምን ልትለቂ ነው?

(ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት የባህል ልብስ ሱቆች በአንዱ። ባለሱቋ አራት ሸማኔዎች፣ ሁለት ሰፊዎችና አንዲት ጠላፊ ታሠራለች፤ ሱቁን የምትጠብቅ አንዲት ወጣትም አለቻት። ጎረቤቷ ጋሼ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰው ልትቀጥር አስባለችና ማስታወቂያውን እንዲያዩላት ጠርታቸዋለች።)

ባለሱቋ፦ እስቲ ይስሙኝ ጋሼ። «ድርጅታችን ማኔጀር አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል። የትምህርት ደረጃ፦ በማኔጅመንት ወይም በማርኬቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ። ኮምፒውተር የምትችል፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምትናገር፣ ታማኝ፣ ታታሪ፣ በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምትችል። ደመወዝ በስምምነት።» እንዴት ነው?

ጋሼ፦ አጻጻፉ ደህና ነው። ይህን አንብባ የመጣች ልጅ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በዚህ በር ገባች እንበል። ምን ትሠራለች?

ባለሱቋ፦ ሥራማ ምን ይጠፋል! ቴሌግራሙ አለ፣ ገበያተኛው አለ፣ ሸማኔዎቹ አሉ፣ ክር ይገዛል፣ ዕቃ ወደ ውጭ ይላካል፣ ሒሳብ አለ…

ጋሼ፦ እሱ ያንቺ ሥራ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ የእሷን ነው።

ባለሱቋ፦ ያው የእኔን ታግዘኛለቻ። ደክሞኛል እኮ ጋሼ! ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን ይጽፉልኛል፤ ለነሱ ገና ቀን ነው። ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ከዱባይ ይደወላል። እዚህ ደግሞ ሸማኔው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ጋሼ፦ ድካምሽማ ይታያል። ድካም ግን ሰው አስፈለገሽ ይላል እንጂ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይናገርም። ወረቀትሽን እይው፤ ልጅቷ ምን መሆን እንዳለባት ሞልቶበታል። ምን እንደምትሠራ ግን አንድ መስመር የለውም።

ባለሱቋ፦ ሁሉም እንዲህ አይደል የሚጽፈው? ባንኮቹም እንዲህ ነው የሚጽፉት።

ጋሼ፦ ባንክ እንዲህ ቢጽፍ ያምርበታል፤ ከማስታወቂያው ጀርባ የሥራ መደቡ ዝርዝር ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ያንቺ ከጀርባው ምን አለው? በይ የትዕዛዝ ደብተርሽን አምጪው። ዘግይቶብሽ ደንበኛ ያስቀየመሽን አንድ ትዕዛዝ አውጪልኝ።

ባለሱቋ፦ ይቺ ናት። ሙሽራ ናት፣ ከሜሪላንድ። ለጥር ሠርጓ የራሷን፣ የእናቷንና የሚዜዎቿን ቀሚስ አዘዘች። በፖስታ የሚላክበት ቀን አልፎብኝ፣ በመጨረሻ መንገደኛ ለምኜ ነው የደረሰላት።

ጋሼ፦ ከሥሩ ጀምረሽ ንገሪኝ።

ባለሱቋ፦ ፎቶ ላከች፤ «ይህን ጥበብ እፈልጋለሁ፣ ስንት ነው?» ብላ። ያን ሰሞን መርካቶ ክር ፍለጋ ስዞር ነበርና ቶሎ አልመለስኩላትም።

ጋሼ፦ የሱቋ ልጅ አልነበረችም?

ባለሱቋ፦ ነበረች። ግን እሷ ዋጋ አትናገርም፤ ዋጋ እኔ ነኝ የምናገረው።

ጋሼ፦ እሺ፣ ቀጥዪ።

ባለሱቋ፦ ቀብዱን እዚህ ያለች እህቷ በቴሌብር ላከችልኝ። ልካቸውን ሲልኩ በኢንች ነበር። ሰፊው በሴንቲሜትር ነው የለመደው፤ ቁጥሩ ግራ ገባውና እስክመጣ አስቀመጠው። ሸማኔው ደግሞ ወርቃማው ክር አለቀበት። ያለው ፈዘዝ ያለ ነበር፤ እሱን ያስገባ ወይስ ደማቁ እስኪገኝ ይጠብቅ? እሱም እኔን ጠበቀ።

ጋሼ፦ ሽመናውስ?

ባለሱቋ፦ እሱማ ምን ችግር አለው! ክሩ እጁ ከገባ የኛ ሸማኔ ፈጣን ነው። የዶርዜ ልጅ ነው እኮ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ደብተርሽ የሚለውን ልንገርሽ። ይህ ልብስ ሸማኔውና ሰፊው እጅ ላይ ከቆየበት ይልቅ ያንቺን «እሺ» ሲጠብቅ የቆየበት ይበልጣል። ዋጋ ሲጠብቅ፣ ልክ ሲጠብቅ፣ ቀለም ሲጠብቅ። ሱቅሽ የሚሠራ እጅ አላነሰውም፤ ያነሰው የሚወስን ሰው ነው።

ባለሱቋ፦ እኔስ ምን አልኩ? ማኔጀር ያስፈልገኛል አልኩ!

ጋሼ፦ ማኔጀሯ መጣች እንበል። ያቺ ሙሽራ ዋጋ ጠየቀቻት። ትናገራለች?

ባለሱቋ፦ ትደውልልኛለች እንጂ።

ጋሼ፦ ሰፊው ልክ ሲጠይቃት?

ባለሱቋ፦ እሱንም… ደውላ ብትጠይቀኝ ይሻላል።

ጋሼ፦ ታዲያ ወረፋው ላይ አንድ ሰው ጨመርሽ። ያውም ደመወዝ የምትከፍይው። አየሽ፣ ሰው ሊቀጥር የተነሳ ሁሉ የሚሠራውን ሥራ ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ወረቀቱ የተሟላ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፤ አንቺ ምን ልትለቂ ነው? ከነገ ጀምሮ የማትወስኚው ነገር ምንድን ነው? እሱ ካልታወቀ የተፈጠረ የሥራ ቦታ የለም፤ ያንቺን ስልክ የምትሸከም ልጅ ብቻ ናት የምትመጣው።

ባለሱቋ፦ ዋጋን እንዴት ለሰው እለቃለሁ? አንዷ በር ስትገባ ዓይቼ አውቃታለሁ፤ የምትገዛዋን፣ ዞራ ዞራ የምትሄደዋን። ይህ በወረቀት ይጻፋል?

ጋሼ፦ አይጻፍም። እሱን ሱቅ ላለ ገበያተኛ ያዢው። በቴሌግራም የመጣችዋን ግን በዓይንሽ አታያትም፤ ፎቶና ቁጥር ነው የምታዪው። ለእሷ ዋጋ የምትሰጪው እንዴት ነው?

ባለሱቋ፦ አሰላለኋ። ጨርቁ ፈትል ነው፣ መነን ነው ወይስ ሳባ? ጥበቡ ስንት ጣት ይሰፋል? ከታች ብቻ ነው ወይስ ደረቱም እጅጌውም? የሸማኔው፣ የሰፊው፣ ጥልፍ ካለው የጥልፉ። ከዚያ የእኔን ትርፍ።

ጋሼ፦ ይኸው ተናገርሽው። በጨርቅ ዓይነትና በጥበብ ስፋት አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይወጣዋል። ከጎኑ «ከዚህ በታች አይሸጥም» የሚል መስመር ይኑረው። ከዚያ በላይ ባለው ውስጥ እስከ 5 በመቶ መቀነስ ለልጅቷ ፍቀጂላት። ከዚያ ያለፈውን ትጠይቅሽ።

ባለሱቋ፦ ቀለሙስ?

ጋሼ፦ ቀለም ያንቺ ሙያ ነው፤ ሰው ሱቅሽን የሚመርጠው በእሱ አይደል? አትልቀቂው። ንድፉ ካንቺ አይውጣ፤ ሸማኔ ማስገባትና ማስወጣት፣ በብዛት ክር መግዛትም እንደዚሁ። ግን ሸማኔው ክር እንዳያልቅበት በየሳምንቱ ቆጥሮ የሚነግርሽ ሰው አያስፈልግም?

ባለሱቋ፦ እሱ በጣም ያስፈልጋል! ሁልጊዜ የማውቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሥራው ቅርጽ እየያዘ ነው። ትዕዛዝ ተቀብላ እስክታስረክብ ያለው መንገድ የእሷ ይሁን። ዋጋ ከሰንጠረዡ ትሰጣለች፣ ቀብድ ትቀበላለች፣ ልኩን ወደ ሴንቲሜትር ለውጣ ከደንበኛዋ ጋር ታረጋግጣለች፣ የማስረከቢያ ቀን ትቆርጣለች፣ ትልካለች። ያ ልብስ ቢዘገይ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይኖራል።

ባለሱቋ፦ ሒሳቡንስ? ቲክቶኩንስ? አንድ ጊዜ ደመወዝ ከከፈልኩ…

ጋሼ፦ …ልጠቀምባት ነው የምትይው! ሒሳቡ በወር ለጥቂት ቀን የሚሠራ ነው፤ በትርፍ ሰዓት የሚይዝልሽ የሒሳብ ሰው ይበቃል። ደግሞም ቀብድ የምትቀበል ሰው ራሷ መዝጋቢ ባትሆን ለእሷም ለአንቺም ይሻላል። ቲክቶክ ሌላ ተሰጥኦ ነው፤ ቪዲዮ የምታሳምር ልጅ ልክ ስታረጋግጥ ልትሰለች ትችላለች። ሦስቱን በአንድ ሰው ላይ ብትጭኚ የምታገኚው አንዱን የምትወድ፣ ሁለቱን የምትሸሽ ሰው ነው። የምትሸሸው ደግሞ የትኛውን እንደሆነ የምታውቂው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ባለሱቋ፦ በጥርና በመስከረም ብቻ ከሆነስ የሚያጨናንቀኝ? ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ከምከፍል?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ ግን ላልተለመደ የሥራ ጫናና ለወቅታዊ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ይፈቅዳል። ያንቺ ችግር ግን ወቅት የሚጠብቅ ነው? ያቺን ደብተር ሐምሌ ላይ ግለጫት።

ባለሱቋ፦ ሐምሌም ያው ነው። ሥራው ይቀንሳል እንጂ መጠበቁ አይቀንስም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ቋሚ ነው። ለበዓል የሚጨመር ሰፊ ከፈለግሽ እሱ ሌላ ውል ነው።

ባለሱቋ፦ ቆይ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልከራከርዎ። ትልቅ መሥሪያ ቤት የለመዱት ነው የሚያናግርዎ። ትንሽ ቤት ውስጥ ሥራውን የሚፈጥረው ሰውየው ነው። የኔ ጠላፊ የመጣችው አዝራር ልትተክል ነበር፤ ዛሬ ግማሹ ጥልፍ የእሷ ፈጠራ ነው። ያኔ «አዝራር ትተክላለች» ብዬ ጽፌ ብይዛት ኖሮስ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው።

ጋሼ፦ እሱን እቀበልሻለሁ። እንዴት እንደምትሠራው አትጻፊ፤ እጇንና ጭንቅላቷን ያስራታል። ምን ውጤት እንደሚጠበቅባትና እስከ የት ድረስ ራሷ እንደምትወስን ጻፊ። ጠላፊሽ ያደገችው ማንም ሳይነግራት ክር የመምረጥ ነፃነት ስለሰጠሻት አይደለም?

ባለሱቋ፦ ሰጥቻታለሁ አልልም፤ እኔ ጥልፍ ስለማላውቅ ነው ጣልቃ ያልገባሁት።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ! ስላልገባሽበት አደገ። ዋጋውን ስለምታውቂው ግን ከእጅሽ አይወጣም።

ባለሱቋ፦ ሌላም አለ። በወረቀት ከጻፍኩላት «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ማለት ትጀምራለች። እዚህ ሁሉም ሁሉን ነው የሚሠራው፤ ዕቃ ሲመጣ እኔም እሸከማለሁ።

ጋሼ፦ ለዚያ ነው በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት መጨረሻ ላይ «ከቅርብ አለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ይሠራል» የሚባለው። እኔም ስንቱን ስጽፍ ኖሬአለሁ። ያ መስመር ከላዩ ያለው ሙሉ ሲሆን ምንም አይል፤ ዕቃ ሲመጣ ትሸከማለች። ከላዩ ያለው ባዶ ሲሆን ግን መስመሩ ራሱ ሥራው ይሆናል። ልጅቷ ሙሉ ቀን ተዛማጅ ስትሠራ ውላ ዋናው ሳይነካ ይመሻል። ሕጉም ቢሆን ሠራተኛው በውሉ ላይ የተገለጸውን ሥራ ራሱ የመሥራት ግዴታ አለበት ይላል፤ አሠሪው ደግሞ በውሉ መሠረት ሥራ የመስጠት። ውሉ ላይ ካልተገለጸ ሁለታችሁም የምትይዙት የላችሁም።

ባለሱቋ፦ ውልማ መቼ ሊቀር! በቃል እንስማማና…

ጋሼ፦ በቃል ከተስማማችሁ አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል፣ የውሉን ጊዜ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ እንድትሰጫት ያዝዝሻል። በጽሑፍ አለመሆኑም መብቷን አያስቀርባትም። መጻፉ ካልቀረ ከመቅጠርሽ በፊት ጻፊው። በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ልጅቷን እያየ ነው የሚጻፈው።

ባለሱቋ፦ እውነቱን ልንገርዎት? የማስባት ልጅ አለች። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች። አክስቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ዲግሪ» ያልኩትም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ፦ መጠርጠሬ አልቀረም። ዘመድ አትቅጠሪ አልልሽም፤ እዚህ ሰፈር ያለው ሱቅ ግማሹ በዘመድ ነው የቆመው። ግን ወረቀት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለዘመድ ነው። ሥራው ሳይለይ ከገባች፣ ነገ ትዕዛዝ ስታዘገይ የምትወቅሺው ሥራዋን አይሆንም፤ እሷን ነው። እሷ ለእናቷ ትናገራለች፣ እናቷ ለዘመድ ሁሉ። ለትንሣኤ ስትገናኙ የሚወራው ስለ ቀሚስ መዘግየት ሳይሆን ስለ አንቺ ልብ ነው።

ባለሱቋ፦ አክስቴንማ ያውቋታል!

ጋሼ፦ እንግዲህ ወረቀቱን ጨርሺና ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ስጪ። ያቺ ሙሽራ የላከችውን መልእክት፣ በኢንች የተጻፈውን ልክ፣ ያንን የዋጋ ሰንጠረዥ አቅርቢ። «መልስ ጻፊላት፣ ለሰፊው ወረቀት አዘጋጂ፣ የማስረከቢያ ቀን ስጪ» በያት። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ያኔ ዲግሪው ያስፈልግ እንደሆነ ታዪዋለሽ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አማርኛና መጠነኛ እንግሊዝኛ በትሕትና ይጽፋል፣ ቁጥር አያምታታም፣ የሰው ገንዘብ ሲይዝ እጁ ንጹሕ ነው። የአምስት ዓመት ልምድ ያላት ማኔጀር ይህን ሥራ ብታገኝ ሦስት ወር አትቆይልሽም።

ባለሱቋ፦ እሱን ፈተና የሱቋ ልጅ ብትፈተን ታልፋለች መሰለኝ። ይኸው ደብተሩን ይዩት፤ ጽሕፈቱ የሷ ነው። ኢንቹን እንኳ ከጎኑ በሴንቲሜትር ጽፋዋለች። ለሰፊው ግን አልነገረችውም።

ጋሼ፦ ለምን አልነገረችውም?

ባለሱቋ፦ እኔን ሳትጠይቅ…

ጋሼ፦ አየሽ? ልጅቷ ሥራውን ሠርታዋለች፤ ሥልጣኑ ነው ያልነበራት። እሷም ከአክስትሽ ልጅ ጋር ትወዳደር። እሷ ካለፈች የምትቀጥሪው ማኔጀር ሳይሆን ሱቅ የምትጠብቅ ሌላ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀላል ነው።

ባለሱቋ፦ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ግን ልሞክረው እችላለሁ አይደል? ወር ሁለት ወር?

ጋሼ፦ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራችሁ አሥር ሳምንት ነው። በዚያ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ሆና ካልተገኘች ያለ ማስጠንቀቂያ ልታሰናብቻት ትችያለሽ፤ የስንብት ክፍያም ካሣም አይጠየቅሽም። ግን «ተስማሚ» የምትይው በምን ተለክቶ ነው? ኅዳር አጋማሽ ላይ ብትጀምር ገናን፣ ጥምቀትንና የጥርን ሠርግ ታያለች፤ ሚዛኑ እዚያ ነው። ያኔ ምን ብታዪ «ይቺ ትሁንልኝ» ትያለሽ?

ባለሱቋ፦ ማታ የመጣ መልእክት ጠዋት ተመልሶ ባገኝ። ቀብድ የተከፈለበት ትዕዛዝ ሁሉ ልኩ ተረጋግጦ ሰፊው እጅ ላይ ቢሆን። የተባለው ቀን ቢከበር፤ የማይከበር ከሆነም ደንበኛዋ ከእኛ ቀድማ ብትሰማ እንጂ እሷ ደውላ ባትጠይቅ። ደግሞ… ሰንጠረዡ ላይ ላለ ልብስ ማንም ዋጋ ባይጠይቀኝ።

ጋሼ፦ በቃ፣ ያንቺ ማስታወቂያ ይህ ነው። ቅድም ካነበብሽልኝ ውስጥ አንድም ቃል የለበትም።

ባለሱቋ፦ ገንዘቡስ? 10,000 ብር አስቤ ነበር።

ጋሼ፦ 10,000 ስትይ ላንቺ 11,100 ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ከእሷ 7 በመቶ፣ 700 ብር ይቆረጣል፤ ግብሩ ለብቻው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አላት፤ እሷ በሌለችበት ማን እንደሚሸፍን አስቢ። «በስምምነት» የሚለውን ግን አውጪው። ዋጋ የማይናገር ሱቅ ውስጥ ዋጋ እንድትናገር የምትፈልጊውን ልጅ በዋጋ ድብብቆሽ አትጀምሪያት።

ባለሱቋ፦ እሺ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት፤ «ባለቤቷ እንደ አስፈላጊነቱ ዋጋ ልትለውጥ ትችላለች»።

ጋሼ፦ እሱን ከጨመርሽ መቅጠሩን ተይው፤ ደመወዙ ይትረፍሽ።

ባለሱቋ፦ ጋሼ ደግሞ! የእኔ ሱቅ እኮ ነው።

ጋሼ፦ ሱቁማ ያንቺ ነው። እሷ 5 በመቶ ቀንሳ የተስማማችበትን አንቺ በማግስቱ ደውለሽ ካፈረስሽው ግን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛውም ሸማኔውም እሷም ወደ አንቺ ነው የሚመለሱት። አንድ ጊዜ ይበቃል።

ባለሱቋ፦ ክር በየጊዜው ይጨምራል፤ ሰንጠረዡ ሲያረጅስ በኪሳራ ትሽጥልኝ?

ጋሼ፦ ሰንጠረዡን ለውጪው። በወር አንድ ቀን፣ ከእሷ ጋር ተቀምጠሽ፣ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ። ለተወሰነው አይደለም።

ባለሱቋ፦ በወር አንድ ቀን… እሺ። እስክሪብቶ ይኸውልዎ፣ ይጻፉልኝ።

ጋሼ፦ እኔማ ምን ልለቅ? አንቺ ጻፊው። መጀመሪያ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ የማልወስነው» ብለሽ ጀምሪ፤ የእሷ ሥራ ከሥሩ ራሱ ይወጣል።